የዳይሲ እጅ ያረፈበት ጡብ

ቨርዴል ሆብዲ ቁርሱን የሚበላው ሁልጊዜ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ነበር። ቤቱ ትንሽ ናት፤ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ። ከበረንዳዋ ፊት የጥጥ እርሻ ተዘርግቷል፤ ከእርሻው ማዶ፣ ወንዙን ተደግፎ፣ የትሬድዌል ቤት ቆሟል። ሌላ ሰው እዚያች ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ስምንቱን ነጫጭ ዓምዶች እያየ ይበላ ነበር። እሱ ግን ወንበሩን አዙሮ ግድግዳ ያያል። ሚስቱ ኢዶራ በሕይወት ሳለች፣ "ያ ሁሉ ውበት ከኋላህ ቆሞ አንተ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ትፋጠጣለህ" እያለች ትቀልድበት ነበር። እሷ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤ ወንበሩ ግን እንደዞረ ቀረ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላው፣ ዕድሜውን ሙሉ ጡብ ሲደረድር የኖረ ግንበኛ ነው። ታዲያ አንድ ግንበኛ በአገሩ ካለው ግንብ ሁሉ የሚያምረውን ላለማየት አርባ ሁለት ዓመት ጀርባውን የሚሰጠው ምን ቢያደርግ ነው?

የትሬድዌል ቤት ለዓይን ብቻ የተሠራ አይደለም። በአላባማ ምድር ስንት ባለዓምድ ቤት በእሳት ነደደ፣ ስንቱ በምስጥ ተበላ፣ ስንቱንስ ጎርፍ ወሰደው! ይኸኛው ግን ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ቆሟል። ከሩቅ እብነ በረድ የሚመስሉት ዓምዶች ልባቸው ጡብ ነው። ከላያቸው የተለሰነው ኖራ ጠዋት የወተት፣ ወደ ማታ የማር መልክ ይይዛል። ባለቤቱ ኮሎኔል ትሬድዌል ስሙን ከበሩ በላይ በድንጋይ አስቀርጾ፣ ሥዕሉን አዳራሹ ውስጥ ሰቅሎ፣ "እኔ የሠራሁት ቤት" እያለ ኖሮ ሞተ። እጁ ግን ጭቃ ነክቶ አያውቅም። የሠራው ካቶ ነበር፤ የኮሎኔሉ ባሪያ፣ ጡብ ሠሪ፣ የቨርዴል የአያቱ አያት። ካቶ ከሌሎች ሠላሳ ሰዎች ጋር ሸክላውን ከወንዙ ዳር ቆፍሮ፣ በበቅሎ አስረግጦ አቡክቶ፣ በእንጨት ቅርጽ እየመታ፣ በፀሐይ አድርቆ፣ ለስድስት ቀን በማይጠፋ እሳት ተኮሰው። ማን እንደሠራው የሚናገር አንዲት ፊደል ግንቡ ላይ የለችም። ግንቡ ራሱ ግን ዛሬም ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ውሃ ልክ ይዞ የሚለካው ሰው ስህተት አያገኝበትም።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ጡቡ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ሳለ፣ የካቶ የአምስት ዓመት ልጅ ዳይሲ ልትጫወት መጥታ እርጥብ ጡብ ላይ እጇን አሳረፈች። ሌላ ሰው ቢሆን ያደረገው ካቶ ጡቡን መልሶ ያቦካው ነበር። እሷን ግን አልተቆጣትም፤ "ከእሳት ሲወጣ ታይዋለሽ" አላት። ጡቡ እቶን ውስጥ ሳለ ኮሎኔሉ ልጅቱንና እናቷን ቴክሳስ ለሚሄድ ነጋዴ ሸጣቸው። ስድስቱ ቀን ሞልቶ እቶኑ ሲከፈት አምስቱም ጣቶች ጥርት ብለው ወጡ... እጁ ነበረ፤ ልጅቱ ግን አልነበረችም። ካቶ ጡቡን ይዞ ቆመ፤ ገና ትኩስ ነበር፣ መዳፉን እየፈጀው አላስቀመጠውም ይባላል። ከዚያ ጓሮ ያለው የኩሽና ቤት ጭስ ማውጫ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ በአምስት ዓመት ልጅ ቁመት አስገባው። ለቀረለት ወንድ ልጅ እንዲህ አለው፤ "ስትመለስ ከዚህ ላይ ታውቀናለች። አድጋ ከሆነም ጎንበስ ትላለች።"

ዳይሲ አልተመለሰችም። ከነፃነት በኋላም ተፈልጋ አልተገኘች። ሆብዲዎች ግን ያን ጡብ አልተውትም። የተበተነው ዘመድ ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን በሚሰበሰብበት በነሐሴ ሁለተኛ እሑድ፣ ምሳው ካለቀ በኋላ፣ በዚያ ዓመት አምስት የሞላውን ልጅ ይዘው ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳሉ። ልጁ እጁን በዳይሲ እጅ ውስጥ ያሳርፋል። ንግግር የለም፣ መዝሙርም የለም። ግድግዳው የልጅ እጅ እንዳይረሳ ነው።

ቤቱ የሰው ስለሆነ ግን ፈቃድ ይጠየቃል። የመጨረሻዋ ባለቤት እሜቴ ኮርኔሊያ ትሬድዌል ሳታገባ፣ ከሃያ ሁለት ክፍል በሁለቱ ብቻ ከድመቶቿ ጋር የኖረች ሴት ነበረች። በየዓመቱ ከኋላ በር ላይ ቆማ፣ "አበባዬን እንዳትረግጡ" ትልና ትገባለች። ግብዣዋም ሰላምታዋም እሱ ነበር። ሆኖም አንድ የአሮጌ ጡብ ነጋዴ ከከተማ መጥቶ ኩሽናውን ላፍርሰው ቢላት፣ "የልጅ እጅ ያለበትን አልሸጥም" ብላ በሩን በፊቱ ዘግታለች። ይኸ ይነገርላታል። በፊት ለፊቱ በር ግን አንድም ሆብዲ ገብቶ አያውቅም።

ቨርዴል የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሳለ ነው እሜቴ ያስጠራችው። የኩሽናው ጭስ ማውጫ ጡብ ደህና ነው፤ በጡቦቹ መካከል ያለው አሮጌ ኖራ ግን እንደ ዱቄት ይረግፋል። ቨርዴል ያኔ እጁ የተመሰከረለት፣ ድልድይና ትምህርት ቤት የሠራ ግንበኛ ነበር። የሲሚንቶ ከረጢቱን በትከሻው ተሸክሞ ሲወጣ፣ በኖራ ዘመን ግንበኛ የነበረው አባቱ ኤዝራ በረንዳው ላይ አገኘው።

"ኖራ ነው የምታደርግለት" አለው ኤዝራ። "ኖራና የወንዝ አሸዋ። እንደነበረው።"

"አባባ፣ አሁን ኖራ የሚያቦካ ሰው የት አለ? ይኸ እኮ የድልድይ ዕቃ ነው። እኔና እርስዎ ሞተን መቶ ዓመት ቢያልፍ ንቅንቅ አይልም።"

"የፈራሁት እሱን ነው። የካቶ ጡብ ለስላሳ ነው። ይተነፍሳል፣ ያልበዋል። በዚህ ከደፈንከው በየት በኩል ይተንፍስ?"

"እንግዲያው ማራገቢያ እገዛለታለሁ" አለ ቨርዴል፤ እየሳቀ ሄደ።

ሥራው ሲያልቅ ያየው ሁሉ አደነቀ። መስመሩ ፀጉር አያስገባም ነበር። እሜቴ ኮርኔሊያ እንኳ ከአበባዋ ሌላ ነገር ተናገረች፤ "ንጹሕ ሥራ ነው" አለችው። ነገር ግን ዝናብ ጡብ ውስጥ ገብቶ በፊት በለስላሳው ኖራ በኩል ይወጣ የነበረው፣ አሁን መውጫው ተዘጋበት። ጡቡ ውስጥ ተቀመጠ። በጥር ውርጭ ሲጠጥር ጡቡን ከውስጥ ገፋው። በአምስተኛው ዓመት ቨርዴል በዚያ ሲያልፍ ከጭስ ማውጫው ሥር ሣሩ ላይ እንደ ዳቦ ቅርፊት የተላጠ ቀይ ሸክላ አየ። ግራና ቀኙን ቃኘ። ማንም አልነበረም። ቅርፊቱን በጫማው ጫፍ ገፍቶ ሣር ውስጥ ከተተው... ያን ቀን መሮውን አምጥቶ ሲሚንቶውን ቢፈለፍል ኖሮስ? አባቱ ዘንድ ሄዶ "ልክ ነበሩ" ቢል ኖሮስ? ግን ስንት ሰው ነው በተመሰገነበት ሥራ ላይ መሮ የሚያነሳ?

በአሥረኛው ዓመት የቨርዴል ታናሽ ልጅ ሮስኮ አምስት ሞላው። ኤዝራ በዚያ ዓመት ጥር ላይ ሞቷል፤ ሕያው ቢሆን ኖሮ በአንድ እይታ ሁሉን ይረዳ ነበር። ስድሳ የሚሆን ዘመድ በእሑድ ልብሱ ከጭስ ማውጫው ፊት ቆሟል። ኢዶራ ልጁን ነጭ ሸሚዝ አልብሳዋለች፣ ጫማውን በምራቋ ወልውላለታለች። የአሥራ ሁለት ዓመቷ እህቱ ኦዜላ "ቀስ ብለህ ነው" ብላ ገፋ አደረገችው። ሮስኮ እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ገና ከመንካታቸው ጡቡ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ፊቱ ተላቀቀ፤ የዳይሲ እጅ ከአውራ ጣቷ እስከ ትንሿ ጣቷ ተሰባብሮ የልጁ ጫማ ላይ ወደቀ።

ስድሳው ሰው ሁሉ ዞሮ ቨርዴልን አየ፤ የልጁ አባት ነው፣ ግንበኛም ነው። ቨርዴል ያወቀው ወዲያው ነው። ከዓይን ጥቅሻ ባነሰች ጊዜ ውስጥ አባቱን፣ ከረጢቱን፣ ሣሩ ውስጥ የከተተውን ቅርፊት አየ። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

"ማን ግፋው አለህ?" አለው ልጁን። "ቀስ በል ተብለህ አልነበረም?"

ሮስኮ አላለቀሰም። እጁን ገልብጦ አየው፤ ከዚያ ከጀርባው ደበቀው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ "ሰባሪው" ሆነ። ስሙን ያወጣለት የአጎቱ ልጅ ክሊቮን ነበር፣ በክፋት አይደለም፣ ለሳቅ ነው። ሳህን ሲታደል "ለሮስኮ የቆርቆሮውን ስጡት" ይላል፤ ሕፃን ሲወለድ "ሮስኮ በሩቁ ይይ" ይላል። ሰው ይስቃል፤ ሮስኮም አብሮ ይስቃል። ኢዶራ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልብስ እያጣጠፈች፣ ባሏን ሳታይ፣ "የአምስት ዓመት ልጅ ጡብ የሚሰብር ጉልበት የለውም፣ ቨርዴል" አለች። ቨርዴል ተነስቶ ወጣ። በዚያ ሳምንት ነው ወንበሩን ያዞረው።

ልጁ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ዲትሮይት ገባ። መኪና ፋብሪካ ሠራ፣ አገባ፣ ልጅ ወለደ፣ ጠጪ ሆነ፣ ሚስቱ ትታው ሄደች፣ መጠጡን ተወ፣ ብቻውን ቀረ። በነሐሴው እሑድ አንድም ጊዜ አልመጣም። ኢዶራ ኩላሊቷ ደክሞ አልጋ ስትይዝ ሮስኮን ጥሩልኝ አለች። ለባሏም፣ "ለልጁ የምትነግረው ነገር አለህ። እኔ ልነግረው እችል ነበር፤ ግን ካንተ አፍ ካልሰማው አይድንም" አለችው። ልጁ በአውቶቡስ የደረሰው በተቀበረች ማግስት ነው። መቃብሯ ላይ ቆሞ ቆሞ፣ የአባቱን ደጅ ሳይረግጥ በመጣበት ተመለሰ። ቨርዴል በረንዳው ላይ ሆኖ አቧራውን አይቷል። አልጠራውም። ደግሞ ሳንባው ይደነድን ጀመር፤ ዕድሜውን ሙሉ የሳበው የጡብና የሲሚንቶ ብናኝ ውስጡ ተጋግሮ ትንፋሽ ከለከለው። የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ ተተከለ። የገዛ ደረቱ እንደዚያ ጭስ ማውጫ ተደፍኖ ሲያፍነው የአባቱ ቃል አልታወሰውም ይሆን?

እሜቴ ኮርኔሊያ ሞታ ቤቱ አሥራ አንድ ዓመት ባዶውን ከረመ። ጣሪያው ሰመጠ፣ ሐረግ በመስኮት ገብቶ በመስኮት ወጣ። የሚፈልገው ሲጠፋ የገዛችው የቨርዴል ልጅ ኦዜላ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ከትምህርት ቤት ርእሰ መምህርነት በጡረታ የወጣች ሴት። አገሩ ሁሉ ተሳለቀ። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ክሊቮን፣ አሁን ሽማግሌ ሆኖ፣ "እሜቴ ኦዜላ፣ ሻይ መቼ ነው የምትጠሪን?" አላት። "ጣሪያ ሳገኝ" አለችው፤ "እስከዚያ ጃንጥላህን ይዘህ ና።"

አራት ዓመት ለፋች። ምን ዓይነት ልብ ነበራት! መሰላል ላይ ወጥታ የአዳራሹን ኮርኒስ በጥርስ ብሩሽ አጠበች። የኮሎኔሉን ስም ከበሩ በላይ አላነሳችም፤ ይልቅ ከሥሩ ሰሌዳ አቆመች። ከፍርድ ቤት የውርስ መዝገብ ከሠላሳ አንዱ ሠራተኞች የአሥራ ዘጠኙን ስም አግኝታ፣ ካቶን ከላይ አድርጋ አጻፈች፤ ላልተገኙት ለአሥራ ሁለቱ አሥራ ሁለት ባዶ መስመር ተወች። አባቷ ግን አንድ ቀን እርሻውን አላቋረጠም። "ያን ቤት ለእሳት ተይው" አላት መጀመሪያ ቀን፤ እሷም ግርፋቱንና ሽያጩን አስቦ ነው ብላ ተወችው። እውነትም ነበረው። ሙሉው እውነት ግን አልነበረም።

የኩሽናው ተራ ሲደርስ ጋርላንድ የሚባል፣ አሮጌ ቤት በመጠገን ያረጀ ነጭ ግንበኛ፣ ጭስ ማውጫውን በጥፍሩ ጫረው።

"ይኸን የሠራው ሰው እጁ ወርቅ ነበር" አላት። "መስመሩን እይው። ግን ጡቡን ገደለው። ሲሚንቶ ነው። ለስላሳ ጡብ በሲሚንቶ ስትደፍኚው ፊቱን እየላጠ ያልቃል። እዚህ ጋ አንዱ ከነጭራሹ ወልቋል፤ ከሠላሳ፣ አርባ ዓመት በፊት ይመስለኛል።"

ኦዜላ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ዓይኗን ተክላ ቆየች። ከዚያ የሥራ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ እርሻውን አቋርጣ ሄደች። አባቷ ወንበሩ ላይ ነበር።

"አባባ፣ የኩሽናውን ጭስ ማውጫ ማን ነው የጠገነው?"

ቨርዴል ቀን መቁጠሪያውን እያየ፣ "እስክትመጪ እየጠበቅኩሽ ነበር" አለ። "አራት ዓመት ጠበቅኩሽ።"

"ያን ቀን ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ኦዜላ ተቀመጠች። ጓንቷን አንድ በአንድ አወለቀች። "እኔ እኮ ነኝ ገፋ ያደረግኩት" አለች። "አርባ ሁለት ዓመት፣ ባልገፋው ኖሮ እያልኩ ኖርኩ።" ቨርዴል ዞሮ አያት፤ አንድ ልጅ ብቻ የጎዳ ይመስለው ነበር።

ለሮስኮ ስልክ የደወለችው እሷ ናት። "አባባ ታመዋል?" አለ። "ታመዋል፤ ግን የምጠራህ ለዚያ አይደለም። ስለ ጡቡ የሚነግሩህ አለ።" የትኛው ጡብ ብሎ አልጠየቃትም።

በሚያዝያ መጣ። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጢሙ ሸብቷል፣ የያዘው አንድ ቦርሳ ብቻ ነው። ኦዜላ በር ላይ ስትቀበለው ዓምዶቹን ሽቅብ አይቶ፣ "እሜቴ፣ አበባሽን ሳልረግጥ በየት ልግባ?" አላት። ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

አባቱን ጓሮ አገኘው። ቨርዴል በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ የኦክስጅኑን ሲሊንደር አጠገቡ አቁሞ፣ በመሮና በትንሽ መዶሻ ሲሚንቶውን ይፈለፍላል። ከአራት ቀን በፊት እርሻውን ሲሻገር ኦዜላ በፊት ለፊቱ በር ልታስገባው ክንዱን ይዛው ነበር፤ "ሥራዬን ስጨርስ" ብሎ በጓሮ ዞረ። አራት ምት መትቶ ያርፋል፤ አራት መትቶ ያርፋል። ልጁን ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠ። መዳፉ ላይ አንድ የሲሚንቶ ስባሪ ነበር፤ ዘረጋለት።

"ያንተ እጅ አይደለም" አለው። "እጅህን ሳታሳርፍ በፊት ጡቡ ሞቶ ነበር። የገደልኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ። ያን ቀንም አውቅ ነበር።"

ሮስኮ ስባሪውን ተቀበለ። አገላብጦ አየው።

"አምስት ዓመቴ ነበር።"

"አዎ።"

"ልጄ ስትወለድ ሳምንት ሙሉ አላቀፍኳትም። እናቷ አይወዳትም ብላ ደመደመች። እሰብራታለሁ ብዬ ነበር።" ድምፁ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። "ለምንድነው እንደዚያ ያሉት?"

ቨርዴል አየር እስኪያገኝ ጠበቀ። "ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር" አለ። ሌላ ምክንያት ፈልጎ ያውቃል፤ ብዙ ዓመት ፈልጓል። አልነበረም።

ሮስኮ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ጨርቅ አወጣ። ቨርዴል ጨርቁን አወቀው፤ ከኢዶራ ሽርጥ የተቀደደ ነው። ውስጡ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ቀይ ሸክላ አለች፤ አንድ አውራ ጣትና ሁለት ጣቶች ታትመውባታል። "ያን ቀን ጫማዬ ውስጥ ከትቻት ሄድኩ። አንድ ቀን አጣብቄ እመልሳታለሁ ብዬ። እማማ ማታውን ስታጥበኝ አገኘቻት። ምንም አላለችኝም፤ ጨርቁን ቀዳ ሰጠችኝ።"

በስንት ቤት፣ በስንት ከተማ፣ በስንት ስካርና በስንት ፀፀት መሃል ያቺ ሸክላ ከኪስ ወደ ኪስ ተዘዋወረች! ሚስት ሄደች፣ ሥራ ሄደ፤ ሸክላዋ ግን ጠርዟ እንኳ አልተሸረፈም። ሰባሪ የተባለው ሰው በዕድሜው ያልሰበራት እሷን ነበር። ቨርዴል በሁለት እጁ ተቀበላት። በሚስቱ ቀብር ላይ ያላለቀሰው ሰው አለቀሰ፤ ትንፋሽ ስለሌለው ለቅሶው ድምፅ አልነበረውም።

ማረኝም ማርኩዎትም አልተባባሉም። ሮስኮ ቁልቁል የአባቱን የመሣሪያ ሳጥን አየና፣ "ሁለተኛ መሮ አለዎት?" አለ።

ዘጠኝ ቀን አብረው ሠሩ። ቨርዴል ያባቱን የኖራ አሠራር አልረሳም ነበር። ኖራው በውሃ ሲፈላ "ፊትህን አርቅ፣ አንተ የፋብሪካ ሰው" ይላል። ሮስኮ ለአራተኛ ጊዜ ኖራ የሚቀባበትን ካዞላ አጣሞ ሲይዝ፣ "ማንኪያ አይደለም፤ አትብላበት" ይላል። "ካስተማሩኝ እኮ ቆየ" ይመልሳል ልጁ፤ ከዚያ ሁለቱም ወደ ግድግዳው ይዞራሉ፤ አባቱ አስተምሮት አያውቅምና።

ሸክላዋን የሚያስገቡ ዕለት ጋርላንድ ቀረብ ብሎ፣ "የአንድ ሕፃን እጅ ቅርጽ ወስጄ የጎደሉትን ሁለት ጣቶች ላሟላላችሁ እችላለሁ፤ ማንም አያውቅም" አለ።

"እኔ አውቃለሁ" አለ ቨርዴል። "አንዴ ውሸት ገንብቼበታለሁ። ይበቃዋል።"

ጎድጓዳውን አርጥቦ፣ ለስላሳ ኖራ ቀብቶ፣ የዳይሲን አውራ ጣትና ሁለት ጣቶች ወደ ቦታቸው መለሰ። ጠርዙን ተጫነው። ከዚያ ሮስኮን ጆንያ በውሃ ነክሮ እንዲሸፍነው አዘዘ። "ኖራ አይቸኩልም። ሰባት ቀን ፀሐይ እንዳታየው። ጠዋትም ከሰዓትም አርጥበው። ካደረቅከው አቧራ ነው የሚሆነው።"

"በፊቱ በር ይግቡ እንጂ አሁን" አለች ኦዜላ። "ሰባት ቀኑ ይሙላ" አላት ቨርዴል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኦዜላ ቁርሱን ይዛ ስትገባ ወንበሩ ዞሯል። ቨርዴል ፊቱን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀምጧል። የተከፈቱት ዓይኖቹ ከእርሻው ማዶ ያሉትን ስምንት ዓምዶች ይመለከታሉ፤ ጠዋት ስለሆነ የወተት መልክ ነበራቸው። እጁ ቀዝቅዞ ነበር።

በፊት ለፊቱ በር የገባው በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ነው። ካቶ ከደረደረው ጡብ ሥር፣ አሥራ ዘጠኙን ስምና አሥራ ሁለቱን ባዶ መስመር አልፎ፣ አዳራሹ መሃል ተኛ። ዘመድ ሁሉ መጣ፣ ምግቡ በየትሪው ተደረደረ። ሮስኮ ግን በጥቁር ልብሱ ባልዲ እያንጠለጠለ ወደ ጓሮ ይመላለሳል። "አባቱ እዚህ ተኝቶ እሱ ግድግዳ ያጠጣል" ብሎ ክሊቮን አጉረመረመ።

በቀብሩ ዕለት የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ኦዜላ ቆመች። ቨርዴል ራሱ አስጽፎት ነበር፤ የተወለደበት፣ ያገባበት፣ የሠራቸው ድልድዮች። መጨረሻው ላይ በእጁ የጻፋት መስመር ነበረች። "የዳይሲን እጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ልጄ ሮስኮ ስባሪዋን ጠብቆ መለሳት።" ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በየሰው እጅ የነበሩት ማራገቢያዎች ሁሉ ቆሙ። ከሰዓት በኋላ ሮስኮ ባልዲውን ሊያነሳ ሲሄድ ክሊቮን ቀድሞት ቧንቧው ጋ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው ቀና ብሎ አላየውም። "እኔ ላጠጣው" አለ፤ "አንተ ትንሽ ተቀመጥ።"

በሰባተኛው ቀን ሮስኮ ጆንያውን ገለጠ። ኖራው ነጥቶ ጠንክሯል፣ ሸክላዋ ቦታዋ ላይ ጠብቃለች። ያኔ ነው ያየው። ከዳይሲ አውራ ጣት ጎን፣ አባቱ ጠርዙን በተጫነበት ቦታ፣ የትልቅ ሰው አውራ ጣት አሻራ ኖራው ላይ ታትሞ ቀርቷል፤ የአሮጌ ግንበኛ፣ መስመሩ የተፋቀ ሰፊ ጣት። ቨርዴል በዕድሜው ሳያለሰልስ የተወው ሥራ አልነበረም። ዓይኑ ደክሞ ረሳው? ወይስ አውቆ ተወው? ይህን የሚነግር ሰው የለም።

ሮስኮ ተንበረከከ፤ አምስት ዓመት ከሆነው ቆይቷልና። እጁን ከጀርባው አውጥቶ ዘረጋው። ሁለቱ ጣቶቹ በዳይሲ ጣቶች ላይ ዐረፉ፤ ሰፊዋ አውራ ጣቱ የእሷን አልፋ የአባቱ ላይ ገባች፣ ልክ ሆነች። ምንም አልተሰበረም።

ኑሮ አንዱን ሦስት መቶ ሺህ ጡብ አሸክሞ ስሙን ይነፍገዋል፤ ለሌላው አንዲት ስባሪ ሰጥቶ ዕድሜውን ያሸክመዋል። የተሸጠች ልጅ አትመለስም፤ አርባ ሁለት ዓመትም አይመለስም። ግን ኦዜላ በዚያ ጠዋት ከኋላ በር ላይ ሆና ወንድሟን አየችው፤ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ዲትሮይት ሲደውል፣ "ልጄ፣ እኔ ነኝ፤ አባትሽ" ሲል፣ እስኪመለስለትም ሌላኛውን እጁን ከግድግዳው ሳያነሳ ሲጠብቅ።